አባባ እስኪጠግቡ

አያቴ መብላት የጀመሩት ከሞቱ በኋላ ነው። በሕይወት ሳሉ እፍኝ ቆሎ ይዘው የሚውሉ፣ ገበታ ላይ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። ከሞቱ ወዲህ ግን መጀመሪያ ሰንጋ በሬ በሉ፤ ቀጥለው የእናቴን የብር አምባር፣ ቀጥለው ቅቤውን፣ ቀጥለው የኩራዛችንን ጋዝ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የቤታችንን ችግር የተረዳሁት እንዲህ አድርጌ ነው።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ሴት ናት። የአያቴ ተዝካር ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለው በአባቴ አገር ሲወጣ፣ ከዳሱ ጥግ ቆሜ የሚገባውንና የሚወጣውን አያለሁ። ቄሶቹ በልተው ሲነሡ ተማሪው ተተካ፤ ከዚያ ለማኙ፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ። ወጡ ላይ ቅቤው ተንሳፍፏል። ወጥ የምታወጣዋን ሴት ቀሚሷን ይዤ፣ «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለአያትሽ ነዋ፣ የኔ ልጅ! እኛ በልተን ነፍስ ይማር ስንል እሳቸው እዚያ ይጠግባሉ።» በጭልፋዋ ወደ ላይ አሳየችኝ።

«ካልጠገቡስ?»

«ካልጠገቡማ እየተመላለሱ ይበሉሻላ!» ብላ ሳቀች። አጠገቧ ያሉት ሴቶችም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አባቴ ደርበው ያን ቀን በዳሱ መካከል ቆሞ ነበር። ከወንድሞቹ የመጨረሻው እሱ ቢሆንም፣ ዳንግላ ከተማ ስለሚኖርና ፈረስና ጋሪ ስላለው ወጪውን ለእሱ ለቀውለታል። ያለፈ ያገደመው ትከሻውን እየነካ፣ «የአባቱን ስም አስጠራ!» ይለዋል። አባቴ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ። እናቴ እታለማሁ ግን ከዳሱ ጀርባ ብቻዋን ቆማ፣ አጥር ላይ የተሰጣውን የበሬ ቆዳ ታያለች። ለምን እንደማትበላ አልገባኝም።

በሬውንና ቅቤውን ያስመጡት በበቅሎ የመጡ አንዲት ሴት ነበሩ። እሜቴ ውቢት ይባላሉ። ሲወርዱ ሰው ሁሉ ተነሣላቸው። እንግዲህ እኚህ የአባባን ምግብ የሚያደርሱት ናቸው አልኩ በልቤ። የዳንግላ ቅቤ ነጋዴ እንደሆኑ፣ ለአባቴ መቶ ሃምሳ ብር በአራጣ እንዳበደሩት፣ ፈረሱን መያዣ አድርገው ሁለት ዋስ እንዳስጠሩት ያወቅኩት አድጌ ነው።

ዳንግላ ስንመለስ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች።

ማታ ማታ አባቴ ፈረሱን ዳማን ከጋሪው ፈቶ ሲገባ፣ እናቴ ነጠላዋን መደብ ላይ ታነጥፋለች። እሱ ኪሱን ይገለብጣል። ስሙኒው፣ ሽልንጉ፣ ቀዩ ሳንቲም ነጠላው ላይ ይንከባለላል።

«ይሄው ነው?» ትላለች።

«ይሄው ነው።»

«ከኮሶበር ያመጣኻቸው ነጋዴዎችስ?»

«ነገ እንከፍላለን አሉ።»

«አፍህን ወዲህ አምጣው እስቲ።»

«አንዲት መለኪያ ናት፣ እታለም። ብርድ እኮ ነው! የንጉሡ ገንዘብ ሚኒስትር እንኳ እንዲህ አፍ አያሸትም!»

«የንጉሡ ሚኒስትር ፈረሱን አላስያዘም።»

ከዚያ ሳንቲሙን ትከፋፍለዋለች። መጀመሪያ ለዳማ ገብስ። ቀጥሎ ለእኛ ሽሮና ጨው። የቀረውን፣ አንዳንዴም ለእኛ ከተቀመጠው ላይ ቀንሳ፣ ምሰሶው ላይ ወደ ተሰቀለው ቅል ትጨምራለች። የቅሉን አፍ በጭቃ መርጋው ሳንቲም ብቻ የምታልፍበት ስንጥቅ ትታለች። ማንም፣ እሷም ራሷ፣ ሳይሰብር እንዳያወጣ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

ደክሟት ነበር መሰለኝ። «የአባባ ነው። እንዳትነኪው!» አለችኝ።

እኔም የማውቀውን ነው የነገረችኝ። ፈረሱ ከእኛ ቀድሞ መብላቱ ግን ያበግነኝ ነበር። ዳማ ከከሳ ጋሪው እንደማይንቀሳቀስ፣ ጋሪው ካልተንቀሳቀሰ ቅሉ ውስጥ ምንም እንደማይገባ ማን ይንገረኝ? እናቴ ከልጇ ይልቅ ፈረስ የምትወድ ሴት መሰለችኝ።

ቅቤ መጀመሪያ ቀረ፤ ከወጥም ከጸጉርም። ጨው በጣቷ ጫፍ ሆነ። በርበሬው ሳሳ፣ ሽሮው ቀጠነ፣ እንጀራውም ከጤፍ ወደ ገብስ፣ ከገብስ ወደ ዳጉሳ ወረደ። ጋዝ መግዛት ስታቆም ራት ፀሐይ ሳትጠልቅ እንበላ ጀመር፤ ሲጨልም ዝም ብለን እንተኛለን። አባባ ያሉበት አገር ጨለማ ስለሆነ መብራቱን ወስደውት ነው ብዬ አሰብኩ። አልተቀየምኳቸውም። ጎረቤቶቻችን ግን ይስቁብን ነበር። «እታለማሁ ቤት ጢስም በልክ ነው የሚወጣው» ሲሉ በአጥሩ በኩል እሰማለሁ።

በየወሩ እሜቴ ውቢት ይመጣሉ። እሳቸው ሲመጡ ደስ ይለኛል። በቅሏቸው ሽልም ናት፤ ከመቀነታቸው ከረሜላ አውጥተው ይሰጡኛል፤ «የኔ ማር» ይሉኛል። እናቴ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። እሳቸው መደብ ላይ ሲቀመጡ እናቴ ቆማ ትቀራለች፤ ፊቷ እንደ በር ይዘጋል።

«ወለዱ ሞልቷል፣ ልጄ። ተመስገን ነው» ይላሉ እሜቴ ውቢት ብሩን እያጠፉ። «ዋናው ግን ብዙም አልተነካም።»

«ክረምት ሆኖብን ነው፣ እሜቴ። ጭቃው ጋሪ አላሳልፍ አለ። ያውቁታል።»

«እኔማ አውቃለሁ። ብሬ ነው የማያውቀው።»

አንድ ጊዜ ወጥተው በቅሏቸው ላይ ሲቀመጡ፣ እናቴ ጓዳ ሳለች፣ እርካባቸውን ይዤ፣ «አባባ ጠገቡ?» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ገና ናቸው የኔ ማር፣ ገና!»

ዓመቱ ዞሮ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የአባቴ ታላቅ ወንድም ቢሻው ከገጠር መጣ። አጎቴ ጋቢውን ሳያወልቅ ተቀምጦ ከአባቴ ጋር በአገውኛ መነጋገር ጀመረ። እኔ ከተማ ስላደግኩ ከአገውኛው የምለየው የሰው ስም ብቻ ነው፤ የአያቴ የአየነው ስም ተደጋግሞ ሲነሣ እሰማለሁ። አባቴ እየቆየ አንገቱን ይነቀንቃል። እናቴ ከምድጃው ተነሥታ መጣች።

«አያ ቢሻው፣ የተባባላችሁትን በአማርኛ ይንገሩኝ። ዕዳውን በአማርኛ ነው የምጠየቀው።»

አጎቴ ቀና አለ። «የአባታችንን ሙት ዓመት ነው። አገሩ ምን አሰናዱ እያለ ነው።»

«ንፍሮ።»

«ምን?»

«ንፍሮና ጠላ። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን።»

«ንፍሮ! ለአየነው! እኛ አገር ለከብትም ጨው ጨምረን ነው የምንሰጠው፣ እታለማሁ!»

«እርስዎ በሬ ያምጡ፣ እኔ ጨው እጨምራለሁ።»

አጎቴ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ተከናነበ። የእሱም በሬ ለእርሻ ብቻ የሚበቃ አንድ ጥማድ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን በእናቴ አፍ አፈርኩ። እሷ አላቆመችም።

«እሜቴ ውቢት ሌላ መቶ ብር ስጡኝ ብላቸው ዛሬውኑ ይሰጣሉ። በማግሥቱ ግን ፈረሱ የሳቸው ነው። ከዚያ ወንድምዎ ጋሪውን በጫንቃው ይጎትተዋል?»

አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ። «ደርበው፣ እዚህ ቤት ወንድ የለም?»

አባቴ እግሩ ሥር ያለውን መሬት እያየ፣ «አለች» አለ።

ማንም አልሳቀም።

ሙት ዓመቱ በንፍሮ ወጣ። ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ዘመዶች በመዳፋቸው የተጨመረላቸውን ስንዴና ባቄላ አይተው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ አንድ ሁለቱን ቃም አድርገው የቀረውን ለወፍ በተኑት። ነፍስ ይማር ያሉት በለሆሳስ ነው። አባባ በዚህ አይጠግቡም፤ እንግዲህ ራሳቸው ይመጣሉ አልኩ። ወደ ዳንግላ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነበር።

መጡ። ማለቴ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ስነቃ አባቴ አልነበረም። ዳማ ከበረቱ አለ፣ ጋሪው ከደጅ አለ፣ የአባቴ ዱላና ጋቢ ግን የለም። «አባዬስ?» ብዬ እናቴን ስጠይቃት፣ «ሄደ» አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። አውቀው ነበራ! ንፍሮው ስላልበቃቸው አባቴን ወስደውት ነው።

አባቴ የሄደው በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ሰቲት ሁመራ፣ ጥጥ ለቀማ ነው። ስንቁን በሶውን የፈጨችለት እናቴ ናት። ጋሪ ተራ ላይ ቆሞ መዋል አቅቶት ነበር፤ ጓደኞቹ «ደርበው ንፍሮ» የሚል ስም አውጥተውለት መንገደኛው ሁሉ በዚሁ ይጠራው ጀመር። የጥጡ ገንዘብ ደግሞ ዋናውን ዕዳ ይቆርጣል ተባብለዋል። ጋሪውን አዝመራው የሚባል የጎረቤት ጎረምሳ ገቢውን በእኩል እየተካፈለ እንዲነዳው ሰጥተውት፣ አባቴ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ግንባሬን ስሞኝ ነበር አለችኝ እናቴ፣ ኋላ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሉ ታማኝ ሆንኩ። የምበላውን ሳልጨርስ እተዋለሁ። እናቴ፣ «ምነው፣ አመመሽ?» ስትለኝ፣ «ጠገብኩ» እላታለሁ። አባባ ቶሎ ከጠገቡ አባዬን ይመልሱታል፤ ሒሳቡ ቀላል ነበር። እሷ የተረፈውን ሸፍና ለነገ ታስቀምጠዋለች።

ጥር ላይ፣ ቀትር ላይ፣ አንድ ሰው መጣ። እናቴ ደጅ ላይ ግድግዳ ለመምረግ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ሰውየው አገጩ የሾለ፣ ዓይኑ ብጫ የሆነ፣ በዚያ ፀሐይ የሚንቀጠቀጥ ነው። ውቤ እባላለሁ አላት። ብብቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ይዟል። እናቴ ጋቢውን አየችውና፣ «ውኃ አምጪለት» ብላ ወደ ጓዳ ላከችኝ።

ውኃውን ይዤ ስመለስ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ እንደቆመች ነበረች። አልተንቀሳቀሰችም። «ሌላ ማን ያውቃል?» ስትለው ሰማሁ። ሰውየው የሆነ ነገር መለሰ። «በመድኃኔ ዓለም ማልልኝ» አለችው። ቆቡን አውልቆ ማለ። ከዚያ ጭቃዋን ረገጠች፣ መረገች፤ ግድግዳውን ጨርሳ ነው እጇን የታጠበችው።

ጋቢውን አሸተትኩት። የአባቴ ነው፤ የፈረስና የትምባሆ ሽታ አለው። ጫፉ ላይ የተቋጠረ ብር ነበር። አባባ ያሉበት አገር ይሞቃል ማለት ነው፣ ጋቢውን መለሱት አልኩ። ደስ አለኝ። የሚመለስ ነገር እንዳለ አየሁ።

ውቤን ከብዙ ዓመት በኋላ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ያን ቀን ጓዳ ሳለሁ ያመለጠኝን የነገረኝ እሱ ነው። አባቴን ንዳድ ይዞት ታኅሣሥ ላይ ሞተ፤ ዛፍ ሥር ቀበሩት፤ ቄስ አልነበረም።

«እናትሽ አላለቀሰችም» አለኝ ውቤ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ። «‹እሜቴ ውቢት ከሰሙ ነገ መጥተው ፈረሱን ይወስዱታል። ቢሻው ከሰማ ተዝካር ይላል። ዕዳው ሰኔ ላይ ያልቃል። እስከ ሰኔ አልሞተም› አለችኝ። ‹እስከ ሰኔ አልሞተም፣ ሰማህ?› እኔም ማልኩ። ምን ላድርግ? እግሯን ከጭቃው እንኳ አላወጣችም።»

ከጥር እስከ ሰኔ እናቴ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ሆነች። ጋቢውን አጥባ እንጅባራ ገበያ፣ የሚያውቃት ሰው በሌለበት፣ ሸጠችው። ጸጉሯን እንደ ወትሮው ትሠራለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ከሰቲት የመጣ ሰው አላያችሁም? ይሄ ሰውዬ ረሳን እኮ!» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። «እዚያ ሌላ አግብቶብሽ ይሆናል!» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። «ያግባ! ብቻ ብሩን ይላክ!» ትላለች።

እሜቴ ውቢት ሲመጡ፣ «ደርበው ሰላም ብሎዎታል» አለቻቸው። አጎቴ ቢሻው ሲመጣ፣ «ደህና ነው አሉ፤ ወፍሯል አሉ» አለችው። እኔ ይህንን ስሰማ ደረቴ በኩራት ያብጣል። እዚያ መብል እንዳለ ተረዳሁ፤ አባባ ከሚበሉት ያካፍሉታል።

ሁለት ነገር ግን አልገባ አለኝ። አንደኛው ጧፍ ነው። ጨው በጣት ጫፍ የምትሰፍር ሴት በየሳምንቱ ጧፍ ገዝታ፣ ለአንድ ሽማግሌ ቄስ የሆነ ስም በጆሯቸው ሹክ ትላለች። የአባቴ የክርስትና ስም ነበር። ሁለተኛው ለቅሶ ነው። እናቴ የማታውቀው ሰው ለቅሶ መሄድ ጀመረች። ከተማው ውስጥ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዋን አደግድጋ ትወጣለች፤ እኔን አስከትላ። የሟች ሚስት ዝም ስትል እሷ ታለቅሳለች። ደረቷን እየመታች፣ ድምጿ እስኪዘጋ፣ ሰዎች በግድ ይዘው እስኪያስቀምጧት። አንድ ጊዜ ያንዲት አሮጊት ቀብር ላይ ሁለት ሴቶች፣ «ምኗ ናት?» ሲባባሉ ሰማሁ። «ምኗም አይደለች። ንፍሮ በነጻ ስለሚበላ ነው» አለች አንደኛዋ።

አፈርኩ። እውነት መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ከመክበዱ በፊት ባለው ገበያ ቀን እናቴ ቅሉን ከምሰሶው አውርዳ በድንጋይ ሰበረችው። ሳንቲሙ ጭቃና ሸክላ የመሰለ ቅርፊት ይዞ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አጥበን ቋጠርነውና ወደ እሜቴ ውቢት ቤት ሄድን። ሁለቱ ዋሶች ተጠርተው ደጅ ተቀምጠዋል። እሜቴ ውቢት ቆጠሩ፣ ዋሶቹም ቆጠሩ። ከዚያ አንዱ ዋስ ተነሥቶ፣ «ዕዳው ወረደ፣ ፈረሱ ተፈታ» አለ። ሌላውም፣ «ተፈታ» አለ። እናቴ በሩ ላይ ተደገፈች።

«ጎበዝ ሴት ነሽ» አሉ እሜቴ ውቢት፣ ከልባቸው ይመስለኛል። «ደርበው ሲመጣ ደጄ ክፍት ነው በይው።»

«እነግረዋለሁ፣ እሜቴ።»

ከረሜላ ሰጡኝ። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው እየሳቁ፣ «በይ የኔ ማር፣ አባባ ጠገቡ» አሉኝ።

ያን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩት አላስታውስም፤ እሮጥ ነበር። እናቴ ከኋላዬ ቀስ ብላ፣ አንዳንዴም ቆም እያለች ትመጣለች። እኔ ደጃችን ላይ ደርሼ፣ መኪና ወደሚመጣበት መንገድ ዞሬ ቆምኩ። ከረሜላውን አልበላሁትም፤ ለአባዬ ላካፍለው ነበር።

እናቴ ደረሰች። «ግቢ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው» አለችኝ።

«አልገባም። አባዬን ልቀበለው ነው።»

«ምን አልሽ?»

«አባባ ጠግበዋል እኮ! እሜቴ ውቢት ናቸው የነገሩኝ። አሁን አባዬን ይመልሱታል።»

እናቴ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምን ስበላ፣ ምን ስተው እንደኖርኩ ያን ጊዜ ነው መሰለኝ የገባት። እጇን ወደ ራሴ ዘረጋች፤ ሳትነካኝ መለሰችው። ቤት ገባች።

ስትወጣ ሹሩባዋን በምላጭ ቆርጣዋለች። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። በእኔ በኩል አልፋ መሐል መንገድ ላይ ቆመች፤ እኔ ወደማየው ወደዚያው ዞረች። እጆቿን ዘረጋችና ከዚያች ትንሽ ሴት ይወጣል ብዬ በማልገምተው ድምፅ ጮኸች።

«ደርበው! ኧረ ደርበው! ና! ና ፈረስህን እይ! ፈረስህ ተፈታልህ! ደርበው! ና ግባ ቤትህ!»

የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ሰዎች ነጠላቸውን እያጣፉ፣ አንዳንዶቹም ባዶ እግራቸውን፣ እየሮጡ መጡ። አዝመራው ዳማን ከነጋሪው መንገድ ላይ ትቶ ወረደ። ሴቶቹ ራሳቸውን ይዘው መጮህ ጀመሩ። የሁሉም ሰው አፍ የአባቴን ስም ይጠራል።

እንደዚያ በደስታ የተጥለቀለቅኩበት ቀን የለም። ከተማው በሙሉ ከእኛ ጋር ሆኖ እየጠራው እንዴት አይሰማም? ከእናቴ ጎን ቆሜ፣ እጆቼን እንደሷ ዘርግቼ፣ እንደሷ ጮህኩ።

«አባዬ! ና! አባዬ!»

አንዲት ሴት ከኋላዬ አቅፋ ልትይዘኝ ሞከረች፤ ተወራጨሁባት። አሁንም ድረስ ዳንግላ ስሄድ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ጉንጬን ስመው፣ «አይ አንቺ ልጅ! የዚያን ቀን እንዴት አድርገሽ ነበር ያለቀስሽው!» ይሉኛል። አላርማቸውም። እኔ ግን ዓይኔ ደረቅ ነበር። መንገዱ መጨረሻ ላይ አቧራ ሲነሣ አይቼ፣ መጣ ብዬ፣ ድምፄን ጨመርኩ።